ቁልቁል የወረደው ካዝና፦ ክፍል አራት፣ ክቡ ሕንፃ

ባለፈው ሳምንት የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክን ሁለት ሥራ ተሸክሞ ሲንገዳገድ ትተነው ነበር። ከፋሺስት ወረራ ማግሥት የተቋቋመው ይህ ባንክ በአንድ በኩል የአገሪቱን የብር ኖት ያወጣል፣ የውጭ ምንዛሪዋን ይጠብቃል። በሌላ በኩል ደግሞ ከነጋዴው ተቀማጭ ይቀበላል፣ ያበድራል፣ ወለዱን ይሰበስባል። ዳኛውም ተሟጋቹም እርሱ ነው። ሌላ ባንክ ቢመጣ ተቆጣጣሪውና ተፎካካሪው አንድ ሆነው ይጠብቁታል። ይህ እንደማያዛልቅ በቤተ መንግሥትም በባንኩም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

መፍትሔው መለያየት ሆነ። የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 206 ወጣ። የ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ከአንዱ ባንክ ሁለት ባንኮች ወጡ። ኖት ማውጣቱና መቆጣጠሩ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተሰጠ፤ አቶ ምናሴ ለማ ገዥ ሆኑ። ከደንበኛ ጋር የሚደረገው ሥራ ሁሉ፣ ቁጠባው፣ ብድሩ፣ ቼኩ፣ የአስመጪና ላኪው የመተማመኛ ደብዳቤ (ሌተር ኦፍ ክሬዲት)፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። ይህን አዲስ ባንክ በዋና ሥራ አስኪያጅነት የተረከቡት አቶ ተፈራ ደግፌ ነበሩ። ስማቸውን ያዙልኝ፤ ይህ ታሪክ እርሳቸውን በቀላሉ አይለቃቸውም።

ሒሳብን በመዝገብ ላይ ለሁለት መክፈል ይቻላል። አደራን ግን እንዴት ይከፍሉታል? ትናንት ገንዘቡን ለመንግሥት ባንክ ያስረከበ ነጋዴ ዛሬ በሌላ ስም የሚጠራ ባንክ ሲያገኝ፣ ገንዘቤ የት ሄደ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ያ ነገር ክቡ ሕንፃ፣ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሆነ።

ባንኩ ለምን ቁልቁል እንደወረደ ለመረዳት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መቆም ይበጃል። የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞ ከሚታይበት ከዚህ ቦታ፣ የቸርችል ጎዳና ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘረጋል። ወደ ላይ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ከነሰዓት ማማው ተቀምጧል፤ ከጎኑ አራዳ፣ ጊዮርጊስ፣ ፒያሳ። ወደ ታች መንገዱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በሊሴ ገብረ ማርያም በኩል አድርጎ ወደ ፖስታ ቤቱና ወደ ለገሃር ይወርዳል። ቴዎድሮስ አደባባይ የሁለቱ አዲስ አበባዎች መጋጠሚያ ነው፤ ከላይ የምኒልክ ገበያ፣ ከታች የባቡርና የመሥሪያ ቤት ከተማ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ አንባብያን በአጭሩ ላስታውስ። የባንክ ታሪካችን የተጀመረው ከላይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሰዎች ጋር ተዋዋሉ፤ የአቢሲኒያ ባንክ የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ተመረቀ። ያኔ ገበያው የሚያምነው ጠገራ ብርን ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ሺህ ብር የሚከፍል ነጋዴ ከ80 ኪሎ በላይ ብር በበቅሎ ጭኖ፣ ጠባቂ ቀጥሮ ነው ገበያ የሚወጣው። ከዚያም ሻጩ እያንዳንዱን ያገላብጠዋል፤ ብሩ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ጌጥ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ካልታዩት፣ ብሩ ካረጀበት፣ አልቀበልም ይላል። ባንክ ለአራዳ ነጋዴ የመጣለት ከዚህ ሸክም ሊገላግለው ነበር። ቀጥሎ በ1923 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ የውጭዎቹን ድርሻ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። ከዚያ ወረራው መጣ፤ ከወረራው በኋላ የመንግሥት ባንክ። እስከዚህ ያለውን ሦስቱ ክፍሎች ተርከውታል።

በ1950ዎቹ ግን የከተማው ክብደት ከአራዳ እየተነሣ ነበር። ብዙው የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በባቡር ነበር፤ ባቡሩ ደግሞ ለገሃር ላይ ይቆም ነበር። የፈረንሳዩ የከተማ ፕላን ባለሙያ ደ ማሪያን በ1965 እ.ኤ.አ. ባዘጋጁት ፕላን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያው ያለውን መስመር የከተማው ዋና አከርካሪ አደረጉት። በዚህ ቁልቁለት ግርጌ አካባቢ ቀደም ሲል ቴአትር ቤቱ ነበር፤ ጣሊያኖች ጀምረው የተዉት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው። በፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው ዘመን ነው፤ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ቴአትሩን ያጠናቀቀው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜት ይባላል። የንግድ ባንክን የያኔውን ክብ ዋና መሥሪያ ቤት የነደፈውም እርሱ ነው።

ስለ ሾሜት ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ አበባ ስሙን ረስታ ሥራውን በየቀኑ ታየዋለችና። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚመጡ ነዳፊዎች ብዙዎቹ ያንኑ ሣጥን መሰል ሕንፃ ከአገር አገር ይዘው ይዞሩ ነበር። ሾሜት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች ብዙ የሠራ ሰው ነው፤ በየደረሰበት የአገሩን ድንጋይ፣ የአገሩን የእጅ ሥራ፣ የአገሩን ፀሐይ ለማየት ይሞክር ነበር። ፀሐዩን በተለይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ጥላ ውስጥ ያለው ሰው ጋቢ ይደርባል፣ ፀሐይ ላይ ያለው ይቃጠላል። እንዲህ ባለ አገር መስታወት ብቻ የለበሰ ሕንፃ ጧት ያንቀጠቅጣል፣ ቀን ያነድዳል።

በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ምን ትሠራ እንደነበር አስቡ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሊቨር ሃውስ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚስ ቫን ደር ሮኸው ባለ 38 ፎቅ የሲግራም ሕንፃ ቆሙ። ሁለቱም ብረትና መስታወት ናቸው። አንድ ኩባንያ ሀብታም መሆኑን የሚያስታውቀው ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ፣ ገላልጦና አብረቅርቆ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ያሉ ብዙ ባንኮች ያን መልክ ሲከተሉ ኖረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ ባንክ የተመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነበር። ሕንፃው ወደ ሰማይ ከመሮጥ ይልቅ ክብ ሆኖ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሕንፃውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዙሪያውን ቀጥ ብለው የቆሙ የሲሚንቶ አምዶች ከበውታል። እያንዳንዱ አምድ ለሚቀጥለው መስኮት ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይ በምሥራቅ ብትሆን በምዕራብ፣ አንደኛው ጎኑ ከጥላ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት የሚባል የለውም፤ ከለገሃርም ኑ፣ ከሜክሲኮም ኑ፣ ከቸርችልም ውረዱ፣ የሚቀበላችሁ ያው ፊት ነው። ይህ ለባንክ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የቢሮ ሕንፃ ማዕዘን ሲኖረው ዋና በርና ጓሮ ይኖረዋል፤ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ ባለቤቱን ያሳስበዋል።

ግንባታው ራሱ ለከተማው ትምህርት ነበር። ግድግዳው የሚታጠፍ ሲሆን የእንጨት ቅርጹ (ሰራተኛው ካሳፎርማ የሚለው) ቀጥ ያለ ጣውላ ብቻ አይበቃውም፤ ጠባብ ጠባብ እየተደረገ፣ ክቡን እየተከተለ መገጠም አለበት። አንድ ጣውላ በጣት ስፋት ቢያፈነግጥ ከላይ ሲደርስ ክቡ ክብ አይሆንም። ሲሚንቶ የሚያፈስሰው፣ ፌሮ የሚያስረው፣ በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ባሊ የሚያቀብለው ሰው ያገራችን ሠራተኛ ነው። የዚያ ዘመን ሠራተኛ እጅ የሠራው መታጠፍ እስከ ዛሬ ድረስ ዓይንን አያሰናክልም። የነዳፊውን ስም በመጽሐፍ ታገኙታላችሁ፤ የአናጢዎቹን ስም ግን ማንም አልጻፈውም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ውስጡ ደግሞ ሰፊ ክብ አዳራሽ ነው። ያኔ ባንክ ቤት የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ክራባት ያሰረ፣ ቼክ የሚፈርም፣ እንግሊዝኛ የሚናገር አስመጪ። ሁለተኛው ከመርካቶ ወይም ከአዲስ ከተማ የመጣ፣ ገንዘቡን በመቀነት ጠቅልሎ ያመጣ፣ ምናልባትም መጻፍ የማይችል። ይህኛው ሰው ሒሳብ ሲከፍት አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካና ካርዱ ላይ ያትማል፤ ያ የጣት አሻራ ፊርማው ነው። ገንዘብ ሊያወጣ ሲመለስ ካሸሩ ካርዱን አውጥቶ፣ አሻራውን ካሻራው፣ ፊቱን ከፎቶው ያመሳክራል። ሰውየው ግን ካሸሩን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ በአዳራሹ ዙሪያ ሌላውም ሰው እንደርሱ ገንዘብ ሲሰጥና ሲቀበል ያያል። ለዘመናት ገንዘቡን ጎተራ ሥር ወይም ግድግዳ ውስጥ ሲቀብር ለኖረ ሕዝብ ይህን ማየት ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። የባንክ ቁጠባ ባህል የገባው በአዋጅ አይደለም፤ ጎረቤቱ አስቀምጦ መልሶ ሲያወጣ ባየ ሰው ዓይን ነው።

ከንግድ ባንክ ጎን ብሔራዊ ባንክ አለ፤ ከእነርሱ አልፎ ቴአትሩና አንበሳው። ገንዘብ ጠባቂው፣ ገንዘብ ነጋዴውና ንጉሣዊው መድረክ በአንድ ሠፈር ተሰባሰቡ። አራዳ ጌጣጌጡን፣ ካፌውንና ሲኒማውን ይዞ ቀረ፤ ካዝናው ቁልቁል ወረደ። ፒያሳ ወርቅ ቤቶቿን ጠብቃ ብዙ ዓመት ቆይታለች፤ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ ብዙ ቤቶቿ ፈረሱ። የዚያ ነገር ሐዘን የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

ንግድ ባንክ ብቻውንም አልቀረም። በዚያው 1964 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖች ከእንግሊዙ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ባንክ ጋር ሆነው። ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊም ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ያለው ለአዲስ አበባ ነጋዴ አማራጭ የነበረበት ዘመን ነው። አንዱ ባንክ ብድር ቢከለክለው ሌላው ዘንድ ይሄዳል። ይህ ዘመን አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ቆየ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከአዲስ አበባ አልነበረም፤ ከካርቱም ነው። የመንግሥት ባንክ በ1958 እ.ኤ.አ. እዚያ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር፤ ንግድ ባንክም ወርሶታል። በ1970 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኒሜሪ መንግሥት በሱዳን ያሉትን ባንኮች ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ የኢትዮጵያው ቅርንጫፍም አብሮ ሄደ። በክቡ ሕንፃ ያሉ ሰዎች አንድ መንግሥት በአንድ ቀን ወረቀት ባንክ ሲወስድ ምን እንደሚመስል በዚያ አዩ። የጎረቤት ቤት ሲነድ የራስን ቤት ጭድ ማራቅ ይገባ ነበር፤ ግን ያኔ ማን ይህ ወደ እኛ ይመጣል ብሎ ያስባል? ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ ባንኩም የራሱ የመንግሥት ነው።

ከዚያ 1966 ዓ.ም. ገባ።

በወሎ ረኃብ ሰው አለቀ። በዓለም የነዳጅ ዋጋ አሻቀበ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ቤንዚን ተወደደ። በየካቲት ባለታክሲዎች አደሙ፣ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። በጎዳናው ላይ ተማሪ ሲሮጥ ወታደር ሲከተለው፣ ባንኮች ግን ይከፈቱ፣ ቼክ ይመነዘር ነበር። ሰው ሲፈራ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ይደብቃል፣ ወይ የደበቀውን ወደ ባንክ ያመጣል። ክቡ አዳራሽ ያንን ፍርሃት ዕለት ዕለት ቆሞ ያየ ቦታ ነው።

በክረምቱ ወታደሮቹ የንጉሠ ነገሥቱን ዙሪያ አንድ በአንድ መለቃቀም ጀመሩ። አንበሳ አውቶቡስና ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ የንጉሡ ንብረት ናቸው ተብለው ተወረሱ። ንጉሡ በውጭ አገር ባንኮች ያስቀመጡት ገንዘብ አለ የሚል ክስ በራዲዮና በጋዜጣ ተነሣ፤ እንዲመልሱም ተጠየቁ። በዚህ ጊዜ የሀገሪቱ ትልቁ ጥያቄ የባንክ ጥያቄ ሆነ፤ ገንዘቡ የማን ነው? የት ነው? ማን ይፈርማል? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ኅዳር 14 ሌሊት 60 ያህል የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና መኮንኖች ተረሸኑ። ከነዚህ መካከል የአገሪቱን በጀት ለዓመታት የፈረሙ እጆች ነበሩ።

አቶ ተፈራ ደግፌ በዚህ ጊዜ ከንግድ ባንክ ተነሥተው የብሔራዊ ባንክ ገዥ ሆነዋል። ከክቡ ሕንፃ ወጥተው ከጎኑ ያለውን ወንበር ያዙ ማለት ነው፤ በዚያ ወቅት ከዚያ ወንበር የከበደ በአዲስ አበባ አልነበረም። የኖቱ ማተሚያ ትእዛዝ በእርሳቸው በኩል ያልፋል፤ የውጭ ምንዛሪው ቁልፍ በእርሳቸው እጅ ነው። አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ወታደሮች ናቸው፤ የባንክ ሥራ አያውቁም። ስለዚህ ያስፈልጓቸዋል። የሚያስፈልግ ሰው ደግሞ የሚጠረጠር ሰው ነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን የወታደሮቹ መንግሥት፣ ደርግ፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰባዊነት ብሎ መንገዱን ይፋ አደረገ። የባንክ ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠብቀው ነገር አንድ ነው፤ ቀኑን ብቻ ነበር የማያውቀው። ቀኑም ሩቅ አልነበረም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ንግድ ባንክ ሥራ በጀመረ በአሥራ አንደኛ ዓመቱ፣ በኢትዮጵያ ያሉ የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በሙሉ የሕዝብ ንብረት ሆኑ ተባለ። አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማ፣ ባንኮ ዲ ናፖሊ፤ ሦስቱም። አክሲዮኑን በቁጠባ የገዛው ሰው በራዲዮ ነው የሰማው።

በዚያ ሳምንት ጥያቄው የባለአክሲዮኖቹ ብቻ አልነበረም። በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ የንጉሡ ምስል ያለበት ኖት አለ፤ ንጉሡ ግን ታስረዋል። ያ ኖት እስከ መቼ ገንዘብ ሆኖ ይኖራል? ግድግዳ ውስጥ የቀበረው ሰው መቼ ያውጣው? መልሱ በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ይመጣል፤ ይዞት የሚመጣውም የቀን ገደብ ነው። ያን ጊዜ ግን አቶ ተፈራ ደግፌ በገዥነት ወንበራቸው ላይ አይኖሩም። ወንበሩን ሲለቁ የሄዱት ደግሞ ወደ ቤታቸው አልነበረም።

(ሳምንት ይቀጥላል)